ከፈረሙት ውል መውጫው የት ነው?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ አንድ ገዢ ስልክ አንሥቶ ያገላብጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ሻጩ ሁለት ጊዜ ቀንሶለታል፤ ገዢው ግን «እመለሳለሁ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሻጩ ፊቱን ያጠቁራል፤ አንዳንዱማ «ካልገዛህ ምን አስቀነሰህ?» እያለ ይከተለዋል። እዚህ ላይ ሕጉ ከገዢው ጎን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንም ሸማች ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ይደነግጋል። ከዚያም አልፎ ሸማቹ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ዋጋ ጠይቆ መሄድ ነውር የሚመስለው ሰው ይህን ቢያውቅ ብዙ ከማያስፈልግ ግዢ ይተርፍ ነበር።

ያ መብት ግን የሚያገለግለው ፊርማ እስኪያርፍ ድረስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ያዛል። ይህን ቁጥር ሕግ ተምሮ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል፤ ውል ጸሐፊዎች በየወረቀቱ ግርጌ ያሰፍሩታልና። የቤት ሽያጭ ይሁን የባጃጅ፣ የኪራይ ይሁን የብድር፣ መዝጊያው ተመሳሳይ ነው፤ ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ይህን ያህል ብር ገደብ ከፍሎ፣ ውሉ በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731፣ 1889፣ 1890 እና 2005 መሠረት የጸና ይሆናል ይላል። ፈራሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የብሩን መጠንና የሚፈርምበትን ቦታ ነው። ኋላ ሲጸጸት የሚጋጨው ግን ከዚያች የመጨረሻ መስመር ጋር ነው።

መጸጸት ደግሞ በእኛ ሕግ ብቻውን ውል ማፍረሻ ምክንያት አይደለም። ሐሳቡን የቀየረ፣ ገንዘብ ያጠረው፣ ከሌላ ቦታ በርካሽ ያገኘ፣ ባለቤቱ የተቆጣችው፣ ሁሉም በሕግ ፊት ፈራሚ ነው። ይህ የሁሉም አገር ሕግ አይደለም። ልዩነቱን ለማየት ነገሩን ከውጭ አገር መጀመር ይጠቅማል፤ የድሬዳዋ ልጅ ያልሄደበት አገር ስለሌለ ጉዳዩ እዚህም ቤት ይገባል።

በአሜሪካ ከላስ ቬጋስ እስከ ኦርላንዶ ታይምሼር የሚባል ሽያጭ አለ። አንድ የመዝናኛ አፓርታማ በዓመቱ ሳምንታት ተሸንሽኖ ለብዙ ሰው ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ገዢ በየዓመቱ የአንድ ሳምንት ማረፊያ ይኖረዋል። ሐሳቡ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ነው። በራሱ ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ክፉው አሻሻጡ ነው። እንግዳው ሆቴል ሲገባ ነፃ ምሳ፣ የትርዒት ትኬት ወይም የስጦታ ካርድ ይቀርብለታል። ልዋጩ ስለ አንድ «አስደናቂ ዕድል» አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብሎ መስማት ነው። አንድ ሰዓት ተኩሉ ሦስትና አራት ሰዓት ይሆናል። አንዱ ሻጭ ሲደክመው ሌላው ይተካል፣ «ሥራ አስኪያጁ ለእናንተ ብቻ የፈቀደው ዋጋ» ይመጣል፣ ዋጋውም የሚቆየው እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ይሆናል። እንግዳ ፊት «አይ» ማለት ነውር ነው እየተባለ ያደገ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚጨነቅ መገመት አያዳግትም።

ከፊርማው በኋላ የሚመጣው ነገር ይከብዳል። ከዋጋው ሌላ በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ፤ ክፍያው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ብዙዎቹ ውሎች ማብቂያ ቀን የላቸውም። ልሽጠው ቢሉ የሚገዛ ይጠፋል፤ አንዳንዱ በነፃ ልስጥ እያለም ተቀባይ ያጣል።

እነዚያ አገሮች ይህን አይተው የማሰቢያ ቀን የሚባል ነገር ደነገጉ። የታይምሼር ገዢ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ ቅጣት ሳይከፍል በጽሑፍ አስታውቆ ውሉን መተው የሚችልበት ጊዜ ማለት ነው። በፍሎሪዳና በሜሪላንድ 10 ቀን፣ በቨርጂኒያና በካሊፎርኒያ 7 ቀን፣ በኔቫዳ 5 ቀን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ 14 ቀን አድርጎታል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም ቤት ለቤት ለሚደረግ ሽያጭ የ3 ቀን ደንብ አለው። እዚያ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው አንድ ነገር ቢነግረው ይበቃል፦ በስልክ «ትቼዋለሁ» ማለት አያወጣም። በውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ፣ ቀኑ ሳያልፍ፣ ማስረጃ በሚቀር መንገድ በጽሑፍ መላክ አለበት። ሻጩ «ሰኞ ደውልልኝና እናስተካክላለን» የሚለው ሰኞ ቀኑ እንደሚያልፍ ስለሚያውቅ ሊሆን ይችላል።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ አጠቃላይ የማሰቢያ ቀን የለም። አዋጅ 813/2006 ገዢ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ግን ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ጉድለት ሲገኝበት እንጂ ገዢው ሲጸጸት አይደለም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ የለጠፈ ባለሱቅ ስለ ጉድለት ከሆነ አይዳንበትም፤ ስለ ጸጸት ከሆነ ግን ልክ ነው።

በአገራችን ከታይምሼር ጋር በጣም የሚቀራረበው ገና ያልተሠራ ቤት በቅድሚያ ክፍያ መግዛት ነው። ሁለቱም የሚሸጡት በሥዕልና በተስፋ ነው፤ ሁለቱም ገንዘቡን አስቀድመው ይወስዳሉ። የአክሰስ ሪል ስቴት ጉዳይ የዚህ ትልቁ ምሳሌ ነው። ኩባንያው አዲስ አበባ ውስጥ ከብዙ መቶ ቤተሰቦች በቅድሚያ ክፍያ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ሰበሰበ፤ ቤቶቹ ግን በተባለው ጊዜ አልደረሱም። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ውጭ አገር ሠርተው ያጠራቀሙትን የላኩ ነበሩ። መንግሥት ኮሚቴ አቋቁሞ ገባበት፣ ነገሩ ለዓመታት ተጓተተ፣ ገዢዎችም ተደራጅተው መብታቸውን ለማስከበር ተሯሯጡ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሪል ስቴት ልማትን የሚገዛ አዋጅ ያጸደቀው እንዲህ ያሉ ቁስሎች ከተከማቹ በኋላ ነው።

ከአክሰስ ገዢዎች ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ሁሉም ቤት አልሚ አታላይ ነው የሚል አይደለም። ብዙ ገዢዎች በእጃቸው በቂ ሕጋዊ ምክንያት ነበራቸው፤ ቤቱ አልደረሰም፣ ከዚህ የበለጠ የውል ጥሰት የለም። የቸገራቸው ሲያሸንፉ ገንዘቡ የሚመጣበት ኪስ ነው። ስለዚህ ከውል መውጣት ሁለት ጥያቄ ነው፤ አንዱ ሕጉ ያወጣኛል ወይ የሚል፣ ሁለተኛው ከወጣሁ በኋላ የከፈልሁትን ማን ይመልስልኛል የሚል። ጠበቃ ቢሮ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ይጠይቃል። ሁለተኛውን የጠየቀ ግን የመጀመሪያውን ክፍያ ራሱን ይቀንስ ነበር።

አሁን ወደ መውጫዎቹ። ከሁሉም ቀላሉና ብዙ ሰው የሚያፍርበት ሌላውን ወገን መጠየቅ ነው። በቁጥር 1819 ተዋዋዮች ውላቸውን በስምምነት ማስቀረት ይችላሉ። ድሬዳዋ ሽማግሌ የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ከፍርድ ቤት በፊት ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሰዎች ፊት ቁጭ ብሎ «ይህን ያህል ልተውልህና እንለያይ» ማለት ስንት ዓመት የሚያጓትት ክስ ያስቀራል። የተስማሙበትን ግን በወረቀት ማኖር ግድ ነው፤ ውሉ የተጻፈ ከሆነ መፍረሱም ይጻፍ። ሌላው መንገድ ውሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው። ቤት አልሚዎች ብዙውን ጊዜ የስም ዝውውር ይፈቅዳሉ፣ ክፍያም ይጠይቁበታል። ያ ክፍያ ስንት እንደሆነ ከመፈረም በፊት ያወቀ ሰው መውጫ በር ይዞ ነው የገባው።

ቀጥሎ ቀብድ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሕግ ከብዙ አገር ሕግ የተሻለ ደግነት አለው፤ የሚያሳዝነው አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ባለው መሠረት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። እንበል አንድ ሰው ሳቢያን ውስጥ ያለ ቤት በ5 ሚሊዮን ብር ሊገዛ ተስማምቶ 300,000 ብር ቀብድ ሰጠ። ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር የሚያጣው 300,000 ብር ነው፤ ሻጩ የተሻለ ገዢ አግኝቶ ቢያፈገፍግ 600,000 ብር ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አይጎትትም።

ታዲያ ችግሩ በደረሰኙ ላይ ይጀምራል። ገንዘቡ ሲሰጥ ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ? «ከሽያጩ ዋጋ ላይ ቅድሚያ ክፍያ» ከሆነ የተጻፈው፣ ገንዘቡ የዋጋው ክፍል እንጂ የመውጫ ዋጋ አይደለም ተብሎ ይከራከሩበታል። «ቀብድ» ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለው ሕግ ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ቀብድ ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ድብልቅ ሲሆን፣ ያ ሁለት ቃል የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያበዛል። ውል ጸሐፊው ፊት ለግማሽ ደቂቃ ቆም ብሎ «ይህ ገንዘብ ቀብድ ነው፤ ተዋዋዮቹ በቁጥር 1885 መሠረት መውጣት ይችላሉ» አስብሎ ማስጻፍ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም።

ስለ ገደብ ያለው አስተሳሰብም መታረም አለበት። በገበያው የሚታመነው «ገደቡን ከፍዬ እወጣለሁ» የሚል ነው። ሕጉ ግን ምርጫውን የሰጠው ለሌላው ወገን ነው። በቁጥር 1890 ገደብ ቢኖርም ባለመብቱ ውሉ እንዲፈጸምለት መጠየቅ ይችላል። ውሉን አስፈጽሞ ገደቡንም ልውሰድ ሊል ግን አይችልም፤ ገደቡ ስለ መዘግየት ወይም ስለ አንድ ተጨማሪ ግዴታ የተቀመጠ ካልሆነ በቀር። በቁጥር 1893 ደግሞ ውሉ በከፊል ካልተፈጸመ በስተቀር ፍርድ ቤት ገደቡን አይቀንስም። «ዳኛው ያይልኛል» ብሎ ትልቅ ገደብ የሚፈርም ሰው ዳኛው እጁ የታሰረ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ቤትንና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረትን በተመለከተ ሌላ በር አለ፤ ግን አደገኛ በር ነው። ቁጥር 1723 እንዲህ ያለ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ሰዎች «ውልና ማስረጃ» የሚሉት ቢሮ ማለት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ተናገረ። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ውሳኔው አገር አዳረሰ። ደስ ያላቸው ግን የተጸጸቱ ገዢዎች ብቻ አልነበሩም። የቤት ዋጋ በየዓመቱ ሲንር፣ ከዓመታት በፊት በርካሽ የሸጡ ሻጮች ያንን ቁጥር ይዘው «ውሉ ስላልተመዘገበ ቤቴን መልሱልኝ» አሉ። ችሎቱ ኋላ ላይ፣ ሻጩ ውሉን ማድረጉን ባልካደባቸው ጉዳዮች፣ ይህን አቋሙን አለዝቧል። የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ያልተመዘገበ ውል ለገዢውም ለሻጩም ክፍት በር ነው፣ በዚያ ማን እንደሚወጣ የሚወስነው የዚያን ጊዜ የገበያ ዋጋ ነው።

ከዚያ የፈቃድ ጉድለት የሚባለው ይመጣል። ሕጉ ከቁጥር 1696 ጀምሮ ተዋዋይ የሰጠው ፈቃድ በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በማስገደድ የተገኘ ከሆነ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ተንኮል ማለት ሻጩ ዕቃውን አደመቀ ማለት አይደለም፤ ገበያ ላይ የራሱን ዕቃ የማያደምቅ ሻጭ የለም። ያ ማታለል ባይኖር ኖሮ ሌላው አይፈርምም ነበር የሚያሰኝ ድርጊት መሆን አለበት። ካርታ የሌለውን ቦታ ካርታ አለው ብሎ ሐሰተኛ ወረቀት ማሳየት ለዚህ ይበቃል። ያታለለው ደላላው ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሻጩ ያውቅ ነበር ወይ፣ ሊያውቅ ይገባው ነበር ወይ፣ ተጠቅሞበታል ወይ የሚል ይሆናል። ለዚህ ነው ደላላው የተናገረውን ሁሉ ሻጩ ባለበት ደግሞ ማስባል የሚጠቅመው።

ቁጥር 1710 ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይጠቀሳል። ውሉ ለአንዱ ወገን ከመጠን በላይ ስላደላ ብቻ አይፈርስም። ነገር ግን ፈቃዱ የተገኘው የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነና ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ሊፈርስ ይችላል። ልጃቸው ታሞ በችኮላ ቤታቸውን የሸጡ ባልቴት ይህን በር ማንኳኳት ይችላሉ። ብዙ ዓመት የነገደ ጎልማሳ «አልገባኝም ነበር» ቢል ግን ዳኛው ፈገግ ሊል ይችላል።

ለድሬዳዋ በተለይ የሚመለከት አንድ ቁጥር አለ። በዚህች ከተማ አንድ ገበያ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ይሰማል፤ ውሉ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። በቁጥር 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ሰው አውራ ጣት ወይም የዓይነ ስውር ፊርማ፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። በዚያው ላይ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። ጓዳ ውስጥ ተጠርተው አውራ ጣታቸውን ያሳረፉ ሴት አያት ካሉ ቤተሰቡ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ያንን ወረቀት ማንበብ አለበት። በሌላ በኩል፣ ማንበብ እየቻለ ሳያነብ የፈረመ ሰው በቁጥር 2005 ይያዛል፤ በፈራሚዎቹ መካከል የተጻፈ ሰነድ ጠንካራ ማስረጃ ነውና። ሻጩ በቃል «ይህን አትፍራ፣ ፎርማሊቲ ነው» ያለው ነገር ፍርድ ቤት ሲደርስ ክብደቱ ይቀላል።

ኩባንያዎች አትመው የሚያቀርቧቸው ባለብዙ ገጽ ውሎች ላይ ግን ሕጉ ለፈራሚው ትንሽ ያዝናል። በቁጥር 1686 አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው አጠቃላይ ደንብ ሌላውን የሚያስረው አውቆ ከተቀበለው ነው። አጠራጣሪ የሆነ አንቀጽም፣ በቁጥር 1738፣ ባዘጋጀው ወገን ላይ ይተረጎማል።

ውሉ ደህና ሆኖ ሌላው ወገን ካልፈጸመስ? ከሁሉም የሚዘወተረው ይኸኛው ነው፤ ሰው የሚሰናከለውም አንዲት ደብዳቤ ባለመጻፍ ነው። በቁጥር 1772 መሠረት ውሉ አልተፈጸመም ብሎ ከመክሰስ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። የውሉን ቀን፣ የተከፈለውን መጠን፣ ያልተፈጸመውን ነገር፣ ለምሳሌ «ቤቱ በሰኔ ሊረከብ ተስማምተን እስካሁን መሠረቱ አልወጣም» የሚለውን ይይዛል። ከዚያም ምክንያታዊ ቀነ ገደብ ያስቀምጣል፣ ካልተፈጸመ ውሉን እንደሚሰርዝ ይገልጻል። ሁለት ቅጂ ይታተማል፤ አንዱን ተቀባዩ ወስዶ በሌላው ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኖራል። እምቢ ካለ በሪኮማንዴ ይላካል። ያ የተፈረመበት ቅጂ የሰጡትን ቀነ ገደብ አስረጂ ነው፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ውሉን በራስ መሰረዝ የሚቻልባቸው ሁኔታዎች አሉ። ፍርድ ቤት ሲሰርዝ ደግሞ ጥሰቱ መሠረታዊ መሆኑን ይመለከታል፤ ቤቱ በሁለት ሳምንት ስለዘገየ ብቻ ውል አይፈርስም። ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነሣ አይታለፍም፤ ዋስትና። ድሬዳዋ ውስጥ ለወንድም፣ ለባልደረባ፣ ለጎረቤት ዋስ ሁኖ የፈረመ ሰው ብዙ ነው፤ ያንን የማይፈለግ ውል ብሎ የሚጠራው ግን የለም፣ ደብዳቤ ከባንክ እስኪመጣ ድረስ። ቁጥር 1922 ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። እምቢ ማለት የሚከብደው ሰው ቢያንስ መጠኑን ማስጻፍ ይችላል።

ሊወጡ የፈለጉ ሰዎች ባሉበት ሁሉ ሌላ ነጋዴ ይመጣል፤ እናስወጣሃለን ባዩ። አሜሪካ ውስጥ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2020 ታይምሼር ኤግዚት ቲም በሚል ስም ይሠራ የነበረውን ድርጅት ከሰሰ። ድርጅቱ ከደንበኞቹ በሺህ የሚቆጠር ዶላር አስቀድሞ እየተቀበለ ከውል አስወጣለሁ ይል ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ከ2.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የሜክሲኮ የወንጀል ቡድኖች የታይምሼር ባለቤቶችን «ገዢ አግኝተናል፣ ግብሩን ብቻ ላኩ» እያሉ እንደሚዘርፉ አስጠነቀቀ። የእኛ ሰፈር «ጉዳይ አስጨራሽ» ስልቱ ያው ነው፤ ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ መሬት ቢሮ ሰው አለኝ፣ ለሻይ የሚሆን ብቻ ስጠኝ። እንዲህ ላለው ሰው የተሰጠ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፣ ስለዚህ መመለሻም የለውም።

ከዚያ ይልቅ የሚያዋጣው ሩቅ አይደለም። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ጋር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚያስችሉባት ከተማ ናት። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በፈቀደው የደሃ ደንብ ድህነቱን አረጋግጦ መክሰስ ይችላል። የሸማች ጉዳይ ከሆነ የንግድ ቢሮ አቤቱታ ይቀበላል። ጠበቃ የተቀጠረ እንደሆነም ክፍያው በውል፣ በደረሰኝ መሆን አለበት፤ ከውል ለመውጣት ሌላ ያልተነበበ ውል መፈረም ያስቃል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። የፈረንሳይ ባቡር በ1895 ዓ.ም. በፈጠራት ከተማ የፈረንሳይ ሊቅ የጻፈው ሕግ ስድሳ ዓመት አልፎት አሁንም የባጃጅ ሽያጭ ያስተዳድራል፤ መጥፎም አላደረገ። ግን ያ ሕግ የተጻፈው ሁለት እኩል ተዋዋዮች ተያይተው በሚስማሙበት መንፈስ ነው። የሽያጭ ሠራተኞች በቢሮ ተሰልፈው በስልክ የሚያሳድዱትን፣ በማኅበራዊ ሚዲያ «ቦታ ሊያልቅ ነው» የሚባለውን ገዢ አላሰበም። ለቅድሚያ ክፍያ ቤት፣ ለአክሲዮን፣ ለመሰል ሽያጮች ምክንያት የማይጠየቅበት ጥቂት የማሰቢያ ቀን ቢደነገግ የሐቀኛ ኩባንያዎችን ገበያ አይጎዳም፤ በማግስቱ የሚተው ገዢ ከሦስት ዓመት በኋላ ከሚከስ ገዢ ይሻላል። ይህ የሕግ አውጪው ሥራ ነው።

እስከዚያው የቀረው የራስ ሥራ ነው። በፈቃድ ጉድለት ምክንያት ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስ በቁጥር 1810 መሠረት የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። በቁጥር 1710 ለሚቀርበው ደግሞ ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ነው። ያለፈው ቀን በምንም አይመለስም። ስለዚህ ከማይወደው ውል ጋር የሚኖር ሰው ካለ ዛሬ ማታ ወረቀቱን አውጥቶ ሦስት ነገር ይይ፤ የተፈረመበትን ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ እና በሌላው ወገን ያልተፈጸመ ነገር መኖሩን። ነገ ጠዋት ጠበቃ ዘንድ የሚሄደው ያንን ይዞ ነው።